የመበለቲቱ ዕዳና የዛሬው የባንክ ዕዳ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ዛሬ ልንጽፍላችሁ የተነሣንበት ነገር ከዐውደ ምሕረት ዘወትር የሚሰማ አይደለም። ስለ ጾም፥ ስለ ጸሎትና ስለ ምጽዋት ብዙ ይነገራል፤ ስለ ባንክ ዕዳ ግን ዝም ይባላል። ዝም የሚባለውም ነገሩ ከሥጋ እንጂ ከነፍስ የሚደርስ ስለማይመስል ነው። እኛ ግን በእንግሊዝ አገር በለንደን ከተማ በክህነት ባገለገልንባቸው ዓመታት፥ ዕዳ የገባ ሰው ሌሊት እንቅልፍን፥ በቤቱ ሰላምን፥ በጸሎቱም ጊዜ ልቡን እንደሚያጣ አይተናል። ያየነውም በሌላው ሰው ብቻ አይደለም፤ በራሳችንም ነው። ስለዚህ መጽሐፍ ከሚያስተምረን ጋር የደረሰብንን አያይዘን ልንጽፍ ወደድን።

አስቀድመን ስለ ምን ዓይነት ዕዳ እንደምንናገር እናስረዳ። ባንኮች ኦቨርድራፍት የሚሉት፥ ሰው በሒሳቡ ውስጥ ያለው ገንዘብ ካለቀ በኋላ እስከ ተወሰነ ጣሪያ ድረስ የባንኩን ገንዘብ እያወጣ እንዲጠቀም የሚፈቀድበት ብድር ነው። በአገራችን እንዲህ ያለው ብድር አብዛኛውን ጊዜ ሲሰጥ የኖረው ለነጋዴ፥ በውልና በመያዣ ነው። በእንግሊዝ አገር ግን ደመወዙ በባንክ ለሚገባለት ለብዙ ተራ ሠራተኛ ይፈቀዳል፤ ጠረግንም ብንሠራ፥ ዘበኝነትንም ብንሠራ፥ በሩ ክፍት ነው።

ይህ ብድር ከሌላው ብድር ሁሉ የሚለይበት አንድ ነገር አለው። ከጎረቤቱ መቶ ብር የተበደረ ሰው የጎረቤቱን ፊት ባየ ቁጥር ዕዳውን ያስባል። የኦቨርድራፍት ዕዳ ግን ፊት የለውም። ከገዛ ሒሳባችን፥ በገዛ ካርዳችን፥ ማንንም ሳንለምን የምናወጣው ስለ ሆነ የራሳችን ገንዘብ ይመስለናል። በዚያ አገር አንዳንድ ባንኮች ቀድሞ ለደንበኛው ሊያወጣው የሚችለውን ገንዘብ ሲያሳዩት የብድሩንም ጣሪያ አብረው ደምረው ያሳዩት ነበር፤ የገንዘብ ተቋማትን የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ይህ ሰውን የሚያሳስት መሆኑን አይቶ በ2019 ዓ.ም. መጨረሻ ከለከለው (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ያለፉ ጥቂት ዓመታት በዚያው አገር አቆጣጠር ናቸው)። ሕግ በወረቀት ላይ ያለውን ቁጥር አረመ፤ በልባችን ያለውን ቁጥር ማረም ግን የእኛ ፈንታ ነው። ደመወዝ በገባ ቀን ጉድጓዱ ይሞላል፥ ከሳምንት በኋላ ተመልሶ ይቆፈራል፤ ሰውም በዚህ ሲመላለስ ዓመታት ያልፉና ጣሪያ ተብሎ የተሰጠው ወለል ሆኖ ይቀራል።

የዚህንም ዕዳ ዕድገት ስሙ ራሱ ይነግረናል። እኛ በቋንቋችን ወለድ እንለዋለን፤ ወለደ ካለው የወጣ ነው፤ ገንዘብ ገንዘብን ወለደ ማለት ነውና። ግሪኮችም በቋንቋቸው የልጅንና የወለድን ነገር በአንድ ቃል ይጠሩታል። ታላቁ ባስልዮስ በ14ኛው መዝሙር ላይ በሰጠው ትምህርት ይህን ቃል ይዞ፥ አራጣ እንደ ጥንቸል ገና እያጠባ ደግሞ እንደሚፀንስ አስረድቷል። በዚያው ትምህርቱ አበዳሪውን ብቻ ወቅሶ አላለፈም፤ ተበዳሪውንም ይዞ፥ ድኻ መሆን ነውር እንዳይደለ፥ ድኻው ግን ሲበደር በድህነቱ ላይ ባርነትን እንደሚጨምር፥ ስለዚህ ያለውን ሸጦ፥ በእጁ ሠርቶ ነፃነቱን መጠበቅ እንደሚሻለው መክሯል። ይህን የተናገረው በአራተኛው መቶ ዓመት ነው፤ ዛሬ ለንደን ውስጥ ቢሰብክ ኖሮ አንዲት ቃል መለወጥ ባላስፈለገው ነበር።

ወለዱ ምን ያህል እንደሚወልድ በቁጥር እንየው። ከሚያዝያ 2020 ዓ.ም. ጀምሮ በእንግሊዝ አገር ባንኮች በዚህ ብድር ላይ በየቀኑና በየወሩ የሚጥሉት ልዩ ልዩ ቅጣት ተከልክሎ፥ በዓመት በሚቆጠር በአንድ የወለድ መጠን ብቻ እንዲያስከፍሉ ተደረገ። ብዙዎቹ ታላላቅ ባንኮች ያን ጊዜ የቆረጡት መጠን ከመቶ 40 የሚጠጋ ነበረ። እንግዲህ 2,000 ፓውንድ የጎደለበት ሰው በዓመት 39.9 ከመቶ ቢታሰብበት፥ በቀን 1 ፓውንድ ከ84 ፔንስ ያህል፥ በወርም 56 ፓውንድ ያህል ይወለድበታል። ይህ ሰው በየወሩ 60 ፓውንድ እየከፈለ ዕዳውን ልጨርስ ቢል ከ8 ዓመት ተኩል በላይ ይፈጅበታል፤ የሚከፍለውም በጠቅላላው ከ6,200 ፓውንድ ይበልጣል። 100 ፓውንድ ቢከፍል በ30 ወር ያህል፥ በ3,000 ፓውንድ ያህል ይፈጽማል። 150 ቢከፍል ደግሞ በ17 ወር ያህል ይወጣል። አስተውሉ! ከ60 ወደ 100 በተጨመረችው 40 ፓውንድ የስድስት ዓመት ባርነት ተቆረጠ። ዕዳን በመክፈል ነገር ጥቂት ጭማሪ ጥቂት አይደለችም።

አሁን ወደ መጽሐፉ እንመለስ። በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ በምዕራፍ 4 ከቁጥር 1 እስከ 7 የተጻፈውን ሁላችሁ ታውቁታላችሁ። ከነቢያት ልጆች ወገን የነበረ አንድ ሰው ዕዳ ትቶ ሞተ። አበዳሪውም ሁለቱን ልጆች ባሪያዎች አድርጎ ሊወስዳቸው በመጣ ጊዜ መበለቲቱ ወደ ነቢዩ ኤልሳዕ ጮኸች። ነቢዩም በቤትዋ ምን እንዳላት ጠየቃት፤ ከጥቂት ዘይት በቀር ምንም እንደሌላት ነገረችው። እርሱም ከጎረቤቶችዋ ባዶ ማድጋዎችን እንድትዋስ፥ ከልጆችዋም ጋር ደጁን ዘግታ ዘይቱን እንድታፈስስ አዘዛት፤ ማድጋዎቹ ሞልተው እስኪያልቁ ድረስ ዘይቱ አልተቋረጠም። በመጨረሻም ዘይቱን ሸጣ ዕዳዋን እንድትከፍል፥ በተረፈውም ከልጆችዋ ጋር እንድትኖር ነገራት።

የአይሁድ ታሪክ ጸሐፊ ዮሴፍ፥ ይህች ሴት የአክዓብ ቤት አዛዥ የነበረው የአብድዩ ሚስት እንደ ነበረች፥ ባልዋም የተበደረው ኤልዛቤል ልትገድላቸው የፈለገቻቸውን መቶ ነቢያት በዋሻ ሸሽጎ ለመመገብ እንደ ነበረ ይተርካል። ነገሩ እንዲህ ከሆነ ሁለት ትምህርት እናገኝበታለን። አንደኛ፥ ዕዳ ሁልጊዜ የስካርና የብክነት ልጅ አይደለም፤ እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰውም ዕዳ ሊገባ ይችላል። ሁለተኛ፥ ዕዳው ከደግነት ስለ መጣ አበዳሪው አልተወውም። ያልከፈልነውን የእኛ ልጆች ይከፍሉታል።

እኛም ዕዳ የገባነው በዚሁ በር ነው። እናታችን በአገር ቤት ባረፉ ጊዜ ሄደን መቅበር ስላልቻልን ለቀብሩም ለአርባውም ገንዘብ ላክን። ዘመድ ሁሉ «ልጁ ለንደን ነው» ብሎ ይጠብቅ ነበርና፥ ተዝካሩ ከአቅማችን በላይ ሆነ። ከዚያም ወንድማችን ታሞ ለሕክምናው ላክን። ባንኩ አስቀድሞ የፈቀደልን ጣሪያ 500 ፓውንድ ነበረ፤ ኋላ ወደ 2,000 ከፍ ሲያደርግልን እንደ ስጦታ ቆጥረን እግዚአብሔርን አመሰገንን። ቀን ቀን በቤተ ክርስቲያን እያገለገልን፥ በሳምንት አምስት ሌሊት ዘበኝነት እየሠራን የምናገኘው ደመወዝ በወሩ መጨረሻ ይገባል፤ በገባ በአሥረኛው ቀን እንደገና ከዜሮ በታች እንገኛለን። ይህንንም ለባለቤታችን አልነገርናትም ነበር።

አንድ ቀን አንድ ወጣት ምክር ሊጠይቀን መጣ (ይህን የምንጽፈው ፈቃዱን ጠይቀን ነው)። እርሱም እንዲሁ ያለ ዕዳ ነበረበት። እኛም ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት በምዕራፍ 13 ከፍቅር በቀር ለማንም ዕዳ እንዳይኖርብን ያዘዘውን አንሥተን ረዘም አድርገን መከርነው። ሊሄድ ሲነሣ ቆም ብሎ፥ «አባቴ፥ እርስዎስ ዕዳ ኖሮብዎት ያውቃል?» ሲል ጠየቀን። እኛም፥ «ልጄ፥ ሁላችንም የክርስቶስ ባለ ዕዳዎች ነን» ብለን መለስንለት። ቃሉ እውነት ነው፤ የተናገርንበት ልብ ግን ሐሰተኛ ነበረ። በእውነተኛ ቃል ውስጥ ተሸሽገን ዋልን። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለውን የአባቶቻችንን ተረት ስንት ጊዜ ለሰው ተናግረነዋል! ለራሳችን ግን አልተናገርነውም።

በዚያው ሌሊት ለባለቤታችን ነገርናት። የጠበቅነው ቁጣ ነበረ። እርስዋ ግን፥ «ስንት ነው?» ብላ ብቻ ጠየቀች። መልስ አልነበረንም፤ በአራት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ልካችንን አይተን አናውቅምና። «ቁጥሩን ሳናውቀውማ በምን እንከፍለዋለን?» አለችና ከልጃችን ደብተር ባዶ ገጽ ፈልጋ አመጣች። ባየነው ጊዜ 1,987 ፓውንድ ነበረ፤ ጣሪያው ሊሞላ 13 ፓውንድ ብቻ ቀርቶታል። ነቢዩ መበለቲቱን የጠየቃት ጥያቄ በባለቤታችን አፍ ወደ ቤታችን እንደ ገባ ያን ጊዜ ተረዳን።

እንግዲህ የነቢዩን ትእዛዝ በየተራው እንመልከት።

አንደኛው መጮኽ ነው። መበለቲቱ አበዳሪው ልጆችዋን እስኪወስድ ድረስ በቤትዋ ተሸሽጋ አልተቀመጠችም። ዕዳ ያለበት ሰውም አስቀድሞ ለትዳር ጓደኛው፥ ለንስሐ አባቱ፥ ቀጥሎም ለባንኩ ለራሱ ሊናገር ይገባዋል። ባንኩ ሲነገረው ገቢንና ወጪን ጠይቆ ወለዱን ሊቀንስ ወይም ለጊዜው ሊያቆም ይችላል። ይህ በብድር መዝገብ ላይ ሊጻፍ እንደሚችል እንወቅ፤ ሆኖም ለሚታነቅ ሰው የልብሱ መቆሸሽ አያሳስበውም። በዚያ አገር ያለ ክፍያ የሚመክሩ ድርጅቶችም አሉ፤ ስቴፕቼንጅ፥ ናሽናል ዴብትላይንና ሲቲዝንስ አድቫይስ የሚባሉት የታወቁ ናቸው። ዕዳችሁን እናስተካክልላችኋለን እያሉ ገንዘብ የሚጠይቁትን ግን ተጠንቀቁ። ከግንቦት 4 ቀን 2021 ዓ.ም. ጀምሮም በኢንግላንድና በዌልስ፥ በመካሪው አማካይነት ለተመዘገበ ባለ ዕዳ ለ60 ቀን ወለድና ቅጣት እንዳይታሰብበት፥ አስገዳጅም እንዳይላክበት የሚያደርግ የዕረፍት ሕግ ወጥቷል። ሕገ ኦሪት በየሰባቱ ዓመት ለባለ ዕዳ ዕረፍት እንደ ሠራች እናስታውሳለን፤ በተሰጠን ዕረፍት መጠቀም ኀፍረት አይደለም።

ሁለተኛው በቤት ያለውን መቁጠር ነው። ነቢዩ የጎደለውን አልጠየቃትም፤ ያላትን ጠየቃት። እኛም በደብተሩ በአንድ ወገን የሚገባውን፥ በሌላው የሚወጣውን ሁሉ እስከ ሳንቲሙ ጻፍን። ከዚያም ዘይታችንን ፈለግን። የስልኩን ውል በማቃለል 20 ፓውንድ፥ ከምድር በታች በሚሄደው ባቡር ፋንታ በአውቶቡስ በመሄድ 35፥ ወደ ሥራ ምሳችንን ከቤት ይዘን በመሄድ 25 ፓውንድ በየወሩ ተገኘ። ይህ 80 ነው። ሃያው ግን ወደ አገር ቤት ከምንልከው ላይ መቀነስ ነበረበት፤ ከሁሉም የከበደን ይህ ነው። ለወንድማችን ደውለን እውነቱን ስንነግረው ግን፥ «ይህን ያህል እየተቸገርክ ለምን እስከ ዛሬ አልነገርከኝም?» ብሎ አለቀሰ። ለካ የከበደን ገንዘቡ አልነበረም፤ ይሉኝታችን ነበረ።

ሦስተኛው ከጎረቤት ማድጋ መዋስ ነው። እዚህ ላይ ልብ አድርጉ፤ ሴቲቱ የተዋሰችው ባዶ ማድጋ ነው እንጂ ዘይት አይደለም። ዕዳን በሌላ ዕዳ፥ ወለድን በሌላ ወለድ ልክፈል የሚል ሰው ዘይት የተዋሰ ነው። ለጥቂት ወራት ወለድ ወደማይታሰብበት ካርድ ዕዳን ማዛወር የጠቀማቸው አሉ፤ ነገር ግን የማዛወሪያውን ዋጋና የጊዜውን ገደብ ሳያውቅ፥ አሮጌውንም ሳይዘጋ የሚያዛውር ሰው ሁለት ዕዳ ይዞ ይገኛል። ከወገኖቻችን ዘንድ ያለው እቁብ ግን መልካም ማድጋ ነው። ወለድ የለበትም፤ የሚሞላውም አባሉ በራሱ ዘይት ነው። በእውነተኛ ወንድሞች ዘንድ ዕጣው ለተቸገረው ቀድሞ እንዲሰጥ ቢስማሙ፥ ያ ሰው ወለድ የሚወልደውን ዕዳ በአንድ ጊዜ ይቀንሳል፤ ከዚያም በየወሩ ለወንድሞቹ ያለ ወለድ ይከፍላል። ዕጣውን በልቶ የሚቀር ሰው ግን ከባንክ ዕዳ የከፋ ዕዳ ገብቷል፤ የወንድሞቹን እምነት ሰርቋልና። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው የሚባለው ሁሉም የየራሱን ሎሚ ሲሸከም ነው።

አራተኛው ደጅን መዝጋት ነው። ይህ አንድም ነገሩን በአደባባይ ከማብዛት ከቤተሰብ ጋር በጸጥታ መሥራት ነው፤ አንድም ዘይቱ እየፈሰሰ በሌላ በር እንዳይወጣ መጠበቅ ነው። በባንክ ነገር የሚዘጋው ደጅ ጣሪያው ነው። እኛ ባንኩን ለምነን ጣሪያው በየጊዜው እንዲወርድ አደረግን፤ ዕዳው 1,900 ሲሆን ጣሪያውም 1,900፥ ዕዳው 1,800 ሲሆን ጣሪያውም 1,800 ሆነ። እንዲህ ካልተደረገ የተከፈለው ገንዘብ ሁሉ ተመልሶ የሚወጣ ይሆናል። ችግር የጸናበት ሰው ደግሞ ደመወዙ በሙሉ ለዕዳው እንዳይዋጥ በሌላ ባንክ ኦቨርድራፍት የሌለበት ቀላል ሒሳብ ከፍቶ ደመወዙን በዚያ ቢያስገባ፥ ከዚያም ለዕዳው የቆረጠውን በየወሩ ቢልክ መካሪዎቹ ይፈቅዳሉ። ይህ ከዕዳ መሸሽ አይደለም፤ በሥርዓት መክፈል ነው።

አምስተኛው ሸጦ መክፈል፥ በተረፈውም መኖር ነው። ነቢዩ ቅደም ተከተሉን እንዴት እንዳደረገው ተመልከቱ፤ ክፈዪና ኑሪ አለ እንጂ ኑሪና የተረፈሽን ክፈዪ አላለም። በወሩ መጨረሻ ከተረፈኝ እከፍላለሁ የሚል ሰው አይተርፈውም። ስለዚህ ደመወዝ በገባ ቀን አስቀድሞ የዕዳው ድርሻ ይነሣ። ነገር ግን ይህን ቃል ያለ ማስተዋል ይዞ ልጆቹን የሚያስርብ አይኑር። መበለቲቱ የከፈለችው ልጆችዋ እንዳይወሰዱባት ነው። የቤት ኪራይ፥ የከተማው ግብር፥ የመብራትና የማሞቂያ ክፍያ ሲቀር ቤትን የሚያሳጣና ልጆችን በብርድ የሚያስቀር ስለ ሆነ ከባንኩ በፊት ይከፈላል፤ ልጆችን ሊወስድ የመጣው አበዳሪ ይህ ነውና። ከዚያ ቀጥሎ የባንኩ ድርሻ፥ ከዚያ በኋላ የቀረው ኑሮ ይሁን።

ከምእመናን የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ፤ ዕዳ እያለብን ዐሥራት፥ ስለትና ምጽዋት እንዴት ይሁን ይላሉ። መልሳችን ይህ ነው። በባንክ ገንዘብ የሚሰጥ ምጽዋት የሰጪው ምጽዋት አይደለም፤ ጌታ ያመሰገናት መበለት ሁለት ሳንቲም የጣለችው ከራስዋ ነው፥ ተበድራ አልጣለችም። ከገቢህ የሚገባውን ከንስሐ አባትህ ጋር ተመካክረህ በልክህ ስጥ፤ ተበድረህ ግን አትሳል፥ ተበድረህ አትደግስ። ተዝካርንም በሚመለከት፥ ለሞተው ሰው የሚጠቅመው ጸሎተ ፍትሐቱ፥ ቅዳሴውና ለነዳያን የሚሰጠው ነው እንጂ የድንኳኑ ስፋት አይደለም። ይህን የምንጽፈው በእናታችን ተዝካር ዕዳ የገባን እኛ ነን። እናታችን በሕይወት ሳሉ ከማንም ዱቄት እንኳ ተበድረው ያላሳደሩ ሴት ነበሩ፤ ልጃቸው ስለ እርሳቸው መበደሩን ቢያዩ ደስ ባላላቸው ነበር።

ለእናንተም፥ ካህናት ወንድሞቻችን፥ አንድ ቃል አለን። በ325 ዓ.ም. በኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶች በ17ኛው ቀኖና አራጣ የሚበላውን ካህን ከሹመቱ እንዲሻር ወስነዋል፤ ነህምያም በምዕራፍ 5 ከወንድሞቻቸው ወለድ የሚቀበሉትን ታላላቆች በጉባኤ ገሥጾ አስመልሷቸዋል። እንግዲህ ከወገኖቻችን መካከል በስደተኛው ችግር የሚነግድ ቢኖር ዝም አንበል። ከዚህም በላይ ድግስ ያነሰበትን ቤት አናማ፤ ለሕንፃ መዋጮ የስም ዝርዝር ሲነበብ ያልሰጠው ሰው በኀፍረት ተነሥቶ ተበድሮ እንዳይሰጥ እንጠንቀቅ። ምናልባት ያ ሰው ሌሊቱን በደብተሩ ላይ ሲደምር ያደረ ይሆናል።

ዕዳን የመክፈል ነገር ከንስሐ ጋር ይመሳሰላል። ጌታ ባስተማረው ጸሎት እኛ በደል የምንለውን የግእዙ መጽሐፍ አበሳና ጌጋይ ይለዋል፤ የማቴዎስ ወንጌል የግሪኩ ቃል ግን ዕዳ ነው። በደልም ዕዳም ሲሸሸጉ ያድጋሉ፥ ሲነገሩ ይታወቃሉ፥ ከታወቁ በኋላ በጥቂት በጥቂቱ ይወገዳሉ። ንስሐ የገባ ሰው አንድ ቀን ቢወድቅ ቀኖናውን እንደማይተው፥ ባለ ዕዳም አንድ ወር ቢሳነው ሥርዓቱን አይተው። እኛም ልጃችን ታሞ አንድ ጊዜ፥ ሥራ ተቀንሶ ሁለት ጊዜ ወድቀናል። ደብተሩን ግን አልዘጋነውም። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፥ ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው የመጨረሻውን ከፈልን፤ ጣሪያውም እንዲነሣልን ለባንኩ ነገርነው። በቤታችን ያን ዕለት የተደገሰ ነገር የለም። ባለቤታችን ሽሮ ሠርታ ነበር፥ በልተን ተኛን፤ በብዙ ዓመት ውስጥ ያለ ሐሳብ የተኛንበት የመጀመሪያው ሌሊት ያ ነበረ።

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ያን ወጣት ፈልገን አገኘነውና፥ «ልጄ፥ ያን ጊዜ ለጠየቅኸን ጥያቄ መልሳችን አዎን ነው፤ ነበረብን» አልነው። ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና፥ «ያን ዕለት ነግረውኝ ቢሆን ኖሮ፥ እኔም እስከ ዛሬ አልደብቀውም ነበር» አለን። ከባንኩ ወለድ ይልቅ የከበደን ወለድ ይህ ነው፤ በእኛ ዝምታ የአንድ ወንድም ዕዳ ሦስት ዓመት ወልዷልና። ከዚያም በኋላ ከእርሱ ጋር ተቀምጠን ደብተር ገለጥን፤ ዛሬ ይህን ስንጽፍ የእርሱ ዕዳ ከእኩሌታው በታች ወርዷል።

ስለዚህ፥ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፥ ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ስትፈጽሙ ዛሬውኑ ቁጥሩን እዩ፤ ለአንድ ለምታምኑት ሰውም ንገሩ። የመበለቲቱን ጥቂት ዘይት የባረከ አምላክ የእናንተንም ጥቂት ይባርክ፤ ልጆቻችሁን ከአበዳሪ እጅ ይጠብቅ፤ የነፍሳችንንም ዕዳ በማይቈጠር ምሕረቱ ይተውልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።